በላይነሽ ያነደደችው ደን

አርሲ ነገሌ ከገበያው በስተጀርባ ያለውን ሰፈር ጠዋት ከሩቅ ያየ እንግዳ ቤት የተቃጠለ ይመስለዋል። ከየጓሮው ጭስ ይነሳል፤ ተቀላቅሎም ጣሪያዎቹ ላይ ተኝቶ ይቆያል። የሰፈሩ ሰው ግን ቀና ብሎም አያየው። የአረቄ ጭስ ነው። በዚያ ሰፈር አረቄ የማታወጣ ሴት ካለች ወይ በቅርብ የመጣች ናት፣ ወይ ልጆቿ የሚጦሯት። በላይነሽ ልጇ ደሞዝተኛ ከሆነች በኋላም እሳቷን ያላጠፋች ሴት ነበረች።

ከሰሜን ሸዋ የመጣችው ባሏን ተከትላ ነው። ባሏ ተክለሃይማኖት የእህል መኪና ረዳት ሆኖ ከነገሌ አዳማ፣ ከአዳማ ነገሌ ሲመላለስ ኖሮ ልጃቸው ሃኒ ጡት ሳትጥል በመኪና አደጋ ሞተ። በላይነሽ አርባውን አውጥታ ወደ አገሯ ለመመለስ ጓዟን ስትሸክፍ አንዲት ጎረቤቷ ትርፍ የአረቄ እንስራና መቃ አዋሰቻት። «እስቲ ሞክሪው፤ ካልሆነልሽ ትሄጃለሽ» አለቻት። ሞከረችው፤ ሆነላትም። ከዚያ ወዲህ መመለሱን አላነሳችውም።

የአረቄ ሥራ እንዲህ ነው። ብቅሉና ጌሾው ከእህሉ ጋር ተጠንስሶ ሲደርስ ድፍድፉ በእንስራ ምድጃ ላይ ይጣዳል። የእንስራው አፍ እንፋሎት እንዳያመልጥ ይለሰናል። እንፋሎቱ በመቃው አልፎ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ወደተቀመጠው ዕቃ ሲወርድ ያ ነው አረቄው። ይህን ማንም ይማረዋል። አስቸጋሪው እሳቱ ነው። ሲበረታ ድፍድፉ ያርራል፤ ሲደክም መቃው ይደርቃል። ስለዚህ አረቄ የምታወጣ ሴት ከእህሉ ይልቅ የምትጨነቀው ለማገዶው ነው። ባሕር ዛፍ ቶሎ ይነድና ቶሎ ያልቃል። በላይነሽ የምትወደው ወይራ ነበር። ወይራ ቀስ ብሎ ይይዛል፤ ከያዘ ግን ሳይለቅ ይውላል። ገዢዎቿም የበላይነሽ አረቄ ጉሮሮ አይቧጥጥም ይላሉ። እሷም ምስጋናውን ለወይራው ትሰጥ ነበር።

ወይራው የሚመጣው ከከተማው በስተምሥራቅ ካለው ተራራ ደን ነው። የምታመጣላት ደግሞ ኤቢሴ ናት።

ኤቢሴ ደኑ ጥግ ባለ መንደር ትኖራለች። ባሏ ሮባ ለሸንኮራ ቆረጣ ወንጂ ወርዶ መጀመሪያ ሰሞን ይደውል ነበር፤ ኋላ ስልኩም ድምፁም ጠፋ። እሷ ልጆቿን ከእናቷ ዘንድ ትታ እንጨት ተሸክማ ትወርዳለች። በሩ ላይ ስትደርስ ከሸክሙ ብዛት ፊቷ ወደ መሬት ስለሆነ በላይነሽ መጀመሪያ የምታየው የእንጨቱን ክምር ነው፤ «አካም ቡልታን፣ እትዬ» የሚለው የኦሮምኛ የጠዋት ሰላምታ ከሥሩ ይወጣል። በላይነሽም ሸክሙን አግዛት ታወርድና ሻይና ዳቦ ትሰጣታለች። ሃኒ የጠበባትን ልብስ ለኤቢሴ ልጆች ታስቀምጣለች። በልቧም ራሷን ለኤቢሴ ደግ ሰው አድርጋ ትቆጥር ነበር።

ዓመታት ሲያልፉ ኤቢሴ የምትደርስበት ሰዓት እየረፈደ ሄደ። በፊት እሳት ሲለኮስ ትደርስ የነበረችው ቆይቶ ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ መድረስ ጀመረች። በላይነሽ ይህን አስተውላለች። ሰነፈች ብላ አሰበች እንጂ ደኑ ሸሸ ብላ አላሰበችም። ደኑን አይታው አታውቅማ። ያን ያህል ዘመን ስታነደው እግሯ አንድ ቀን እንኳ ወደዚያ አልዞረም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የተራራው መንደር ሰዎች የደን ማኅበር አቋቋሙ። ደኑን ከመንግሥት ጋር ተዋውለው ተረከቡ፤ ሊጠብቁትም ሊጠቀሙበትም። ከራሳቸው መካከል ጠባቂ መረጡ። የወደቀ ደረቅ እንጨት አባል የሆነ ሰው በተወሰነ ቀን መልቀም ይችላል፤ መጥረቢያ ይዞ መግባት ግን ክልክል ሆነ። የላይኛው ክፍል ደግሞ ችግኝና ቡቃያ እንዲያገግምበት ጨርሶ ተዘጋ። ኤቢሴም አባል ሆነች። ከዚያ ወዲህ የምታመጣው ጭራሮና የበሰበሰ ግንድ ሆነ። በላይነሽ ምድጃው ሥር ቁጢጥ ብላ እፍ ስትል ትውልና ዓይኗ ቀልቶ ታመሻለች። ማማረርም አበዛች።

እንዲህ እያለ ጥር ገባ። ወልደአማኑኤል የሚባል የሻሸመኔ ነጋዴ የሠርግ ወር ስለሆነ ብዙ አረቄ አዘዛት፤ እንዲህ ያለ ትእዛዝ ከዚያ በፊት አግኝታ አታውቅም። ደስ አላት። በማግሥቱ ኤቢሴ ጭራሮዋን ይዛ ስትመጣ ግን ደስታዋ ወደ ንዴት ተቀየረ። በዚህ አረቄ አይወጣም አለቻት። ኤቢሴ ደረቅ እንጨት በታች በኩል እንዳለቀ፣ ያለው በተዘጋው ክፍል እንደሆነ፣ ያም ቢሆን የቆመ ዛፍ እንጂ የወደቀ እንዳልሆነ ነገረቻት። በላይነሽ ጓዳ ገባች። ስትመለስ የራሷን መጥረቢያ ይዛ ነበር።

«ወይራ አምጪልኝ» አለቻት። «ከየትም ይሁን ከየት። ካልቻልሽ ንገሪኝ፤ ከሌላ ሰው እወስዳለሁ።»

ኤቢሴ መጥረቢያውን አየችው፤ በላይነሽንም አየቻት። ከዚያ ተቀብላ በነጠላዋ ሸፍና ወጣች። ሻይዋን አልጠጣችም። በላይነሽ የቀዘቀዘውን ሻይ ደፋችና ድፍድፏን ማማሰል ቀጠለች።

ኤቢሴ በማግሥቱ አልመጣችም። በላይነሽ ቀኑን ሙሉ በር በሩን እያየች ተናደደች። በነጋታው ወሬውን ያመጣችው ኪሩ የምትባል ሌላ እንጨት ተሸካሚ ናት። ኤቢሴ በተዘጋው ክፍል ገደላማው ጋ ወይራ ስትቆርጥ ግንዱ ተንሸራትቶ እግሯን ጨፍልቆባታል አለች። ብቻዋን ስለሆነች እዚያው ስትጣራ ውላለች። ድምፅዋን ሰምቶ ያገኛት ጠባቂው ኢተፋ ነው። በቃሬዛ አውርደው ወደ ሻሸመኔ ሆስፒታል ወስደዋታል።

በላይነሽ ይህን ስትሰማ እጇ ላይ የነበረው ቅል ወደቀ። ኪሩ አይዞሽ አለቻት፤ ለሰው የምትራራ ደግ ሴት ናት ብላ ነው። ኪሩ ቀጥላ ደረቅ ባሕር ዛፍ እንዳላት፣ ትፈልግ እንደሆነ ጠየቀቻት። ምድጃው ላይ እንስራው ተጥዷል፤ እሳቱ እየደከመ ነው፤ የወልደአማኑኤል መኪና ሊመጣ ቀርቧል። በላይነሽ አዎ አለቻት። ከእሷ ገዛች፤ እሳቱንም አነደደችው። ኋላ ላይ ራሷን ስትመረምር ከመጥረቢያው እኩል፣ አንዳንዴም ከመጥረቢያው ይልቅ የሚቆጠቁጣት ይህ «አዎ» ነበር። ለማሰብ እንኳ ጊዜ አልወሰደችም።

ሆስፒታል የሄደችው አረቄውን ካስረከበች በኋላ ነው። ብርቱካን ይዛ ገባች። ኤቢሴ እግሯ እስከ ጭኗ በጀሶ ታስሮ ተኝታለች፤ እናቷ ከራስጌዋ ተቀምጣለች። ጠባቂው ኢተፋም እዚያው ነበር። በሃምሳዎቹ ውስጥ ያለ ቀጭን ሰው ነው፤ ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀምጦታል። ለማኅበሩ የሚያቀርበውን ጉዳይ ሊጠይቅ መጥቶ የታመመ ሰው በጥያቄ ማስጨነቁ ከብዶት ቃላት ሲፈልግ በላይነሽ ደረሰች። ብርቱካኑን አስቀምጣ ከግርጌ በኩል ተቀመጠች።

ኢተፋ በኦሮምኛ ነበር የጠየቃት፤ በላይነሽም የገበያ ሰው ናትና ትሰማለች።

«መጥረቢያው የማን ነው?»

ኤቢሴ ጣሪያውን እያየች «የኔ» አለች።

«ለማን ነበር የምትወስጂው?»

«ለቤቴ።»

ኢተፋ ራሱን ነቀነቀ። እንዳላመናት ያስታውቃል፤ ግን አልገፋበትም። በላይነሽ በዚያች ሰዓት አፏን ከፍታ ሁለት ቃል ብትናገር ነገሩ ያበቃ ነበር። እሷ ግን ዓይኗን ብርቱካኑ ላይ ተክላ ቆየችና የኤቢሴን የእግር ጣቶች በጀሶው ጫፍ በኩል ነካ አድርጋ፣ እግዜር ይማርሽ ብላ ወጣች። አውቶቡስ ላይ ስትሳፈር ያለቀሰችው ለኤቢሴ ይሁን ለራሷ አላወቀችም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ከኪሩ እየለቃቀመች ሰማች። ማኅበሩ ተሰብስቦ ኤቢሴን ከአባልነት ሰረዛት፤ ቅጣትም ጣለባት። ደኑ ውስጥ ደረቅ እንጨት መልቀምም ለላሟ ሣር ማጨድም ተከለከለች። እግሯ ደግሞ ተጠግኖ ሲፈታ አጭር ሆኖ ቀረ። ላሟን ሸጠች። ኪሩ ይህን ሁሉ የምታወራው እንጨት እያወረደች ነው፤ በላይነሽ የምታዳምጠውም እንጨት እየተረከበች። አንድ ቀን ኪሩ «እሷም እኮ አበዛችው፤ በሰው ደን መጥረቢያ ይዞ መግባት ምን የሚሉት ነው?» አለች። በላይነሽ «እውነትሽን ነው» ብላ መለሰች። መለሰችና ጓሮ ዞራ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች።

ለፋሲካ ሃኒ ከአዳማ መጣች። ሃኒ የተማረችው የደን ትምህርት ነው፤ አዳማ ውስጥ ችግኝ ጣቢያዎችንና እንዲህ ያሉ ማኅበራትን በሚረዳ መሥሪያ ቤት ትሠራለች። እናቷ በልጇ ሥራ ትኮራለች፤ ሥራውና የራሷ ምድጃ የሚጋጩ መሆናቸውን ግን ሁለቱም አንስተውት አያውቁም። ሃኒ በየበዓሉ ስትመጣ በጓሮ በኩል አታልፍም፤ እናቷም አልፈሽ ነይ አትላትም።

በዓሉ ዋለና ዶሮው ቀርቦ ሲበሉ ሃኒ ስለ ሥራዋ ስታወራ ስለዚያ ተራራ አነሳች። የማኅበሩ ሰዎች አንዲት ሴት በተዘጋው ክፍል የቆመ ወይራ ስትቆርጥ ተጎድታ እንደተሰረዘች ነግረዋታል። ሁልጊዜ እንደዚህ ነው አለች ሃኒ፤ የሚያዘው የሚሸከመው ነው፤ የሚገዛውን ማንም ስሙን አይጠራም። ይህን ስትል ወደ እናቷ አልተመለከተችም፤ በነገር ልትነካት ብላም አልነበረም። በላይነሽ ግን መብላቷን አቆመች። እጇን ታጠበች።

«መጥረቢያውን የሰጠኋት እኔ ነኝ» አለች።

ከዚያ ሁሉንም ነገረቻት፤ ትእዛዙን፣ ከሌላ ሰው እወስዳለሁ ያለችውን፣ ሆስፒታሉን፣ ኪሩን። ሃኒ እስከ መጨረሻው ሳታቋርጣት ሰማች። ሲያልቅ ተነስታ ለብዙ ዘመን ያላለፈችበትን የጓሮ በር ከፈተችና ከእንጨቱ ክምር ፊት ቆመች። በላይነሽ ተከትላት ወጣች። ቁጣ ጠብቃ ነበር፤ ቁጣ ቢመጣ ደስ ባላት።

«እኔም በዚሁ ነው የተማርኩት፣ እማዬ» አለች ሃኒ ክምሩን እያየች። «ደብተሬም ጫማዬም ከዚህ ነው የወጣው። አንቺን ብቻ ብወቅስ እዋሻለሁ።» ትንሽ ቆይታ ቀጠለች። «ግን ኤቢሴ ብቻዋን ትሸከመው?»

ሃኒ አብሬሽ ልሂድ አለቻት። በላይነሽ እምቢ አለች። ልጇ ከጎኗ ካለች ሰው ለልጇ ብሎ እንዳይምራት ፈራች።

ሃኒ ወደ አዳማ በተመለሰች ማግሥት በላይነሽ ባጃጅ ይዛ መንገዱ እስከሚያልቅበት ድረስ ሄደችና ከዚያ በእግሯ ዳገቱን ተያያዘችው። መንገዱ በስንዴ ማሳ መካከል ያልፋል። ማሳው ውስጥ እዚህም እዚያም ማረሻ ዞሮት የሚያልፍ የዛፍ ጉቶ አለ፤ ጠቁሮ የተሰነጣጠቀ። መጀመሪያ ልብ አላለችውም። ወደ ላይ ስትወጣ ጉቶው በዛ። አንዱ ላይ ተቀምጣ ስታርፍ ከገበያ የምትመለስ አንዲት ባልቴት ሰላም አለቻትና አጠገቧ አረፈች። ደኑ ገና ሩቅ ነው ወይ ብላ ጠየቀቻት በላይነሽ። ባልቴቷ ሳቀችና እኔ ወደዚህ ሳገባ ደኑ የሚጀምረው ካንቺ መቀመጫ ነበር፤ ጅብ ፈርተን በጊዜ ነበር ቤት የምንገባው አለቻት።

በላይነሽ ወደ ኋላ ዞራ የመጣችበትን ቁልቁለት አየችው። ከታች ከተማው ይታያል፤ ጭሱም ይታያል። ባዶ ጀርባዋን ሆና እንኳ ለማረፍ ተቀምጣለች። በዚህ መንገድ ነው ኤቢሴ ክምሩን አዝላ የወረደችው፤ እሷም ሰነፈች እያለች ሰዓት ስትቆጥርባት የኖረችው።

ኤቢሴን ያገኘቻት ቤቷ ደጃፍ ላይ ነው። አንድ እግሯን ዘርግታ፣ ዱላዋን አጠገቧ አጋድማ በቆሎ ትፈለፍላለች። በላይነሽን ስታይ ልትነሳ ሞከረች፤ በላይነሽ ተንደርድራ ከለከለቻት። ሰላምታ ተለዋወጡ። የልጆቿን ደኅንነት ጠየቀች። ወሬው ሲያልቅ ኤቢሴ ወደ በቆሎዋ ተመለሰች።

በላይነሽ መንገዱን ሙሉ ስታስበው የመጣችው አንድ ነገር ነበር። ኤቢሴ ስሟን ያልጠራችው ወድዳት እንደሆነ፣ ለዳቦውና ለልብሱ ውለታ መክፈሏ እንደሆነ አምናለች። ለዚያ ፍቅር ልታለቅስ፣ እግሯ ላይ ልትወድቅ ተዘጋጅታ ነው የመጣችው።

«ለምን ስሜን አልጠራሽም?» ብላ ጠየቀቻት።

ኤቢሴ የበቆሎውን ፍሬ በጣቷ እየገፋች መለሰች። «ስምዎን ብጠራ ነገ ማን ይገዛኛል ብዬ ነው።»

ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረበትም። የዋጋ ነገር እንደምታወራ ሰው ነው የተናገረችው። ከዚያ ፍሬው ያለቀበትን ቆሮቆንዳ ወርውራ ሌላ በቆሎ አነሳች። «በማግሥቱ ከኪሩ ገዙ አሉ። እኔ ሆስፒታል ተኝቼ ነው የሰማሁት።»

በላይነሽ አዘጋጅታው የመጣችው ለቅሶ ደርቆ ቀረ። ኤቢሴ ቀና ብላ አየቻትና «ውሃ ላምጣልዎት? ዳገቱ አድክሞዎታል» አለች። ውሃው መጣ። በላይነሽ ጠጣች። በሕይወቷ እንደዚያ ውሃ የከበዳት ነገር አልነበረም።

ያ ዛፍ የት እንደነበር ታሳያት ዘንድ ለመነቻት። ኤቢሴ በዱላዋ ጠቆመቻት፤ እኔ አሁን እዚያ መግባት አይፈቀድልኝም አለች። ኢተፋ ግን ጥበቃ ላይ ስለሆነ ደኑ አፋፍ ላይ እንደምታገኘው ነገረቻት።

ኢተፋ ከሆስፒታሉ አስታወሳት። የኤቢሴ ዘመድ መስላው ያለ ክርክር አስገባት። በላይነሽ እዚያ ስትገባ መጀመሪያ የተሰማት ቅዝቃዜው ነው። ከታች ፀሐዩ ያቃጥል ነበር። ከዛፎቹ ላይ ሐረግና የዛፍ ሽበት ተንጠልጥሏል፤ እግሯ የሚረግጠው ቅጠል ይሰምጣል፤ የማታውቀው ወፍ ይጮሃል፤ ከድንጋዩ ሥር የምንጭ ውሃ ድምፅ ይሰማል። ሰፈሯ ቧንቧ ላይ የሚቀዳው ውሃ ከዚህ የሚነሳ መሆኑን ኢተፋ ነው የነገራት። ያንን ውሃም አረቄ ታቀዘቅዝበት ነበር።

ወይራው ገደሉ አፋፍ ላይ ነበር። ጉቶው ገና ቀይ ነው፤ መጥረቢያው የነከሰው ቦታ ይለያል። ብዙ ቦታ ነክሷል፤ ክንዷ እየዛለ ስትቆርጥ እንደነበር ያስታውቃል። ግንዱን ማኅበሩ እዚያው ትቶታል። ኢተፋ አባቱ ወጣት ሳለ ይህ ዛፍ ምናልባት የክንድ ውፍረት እንደነበረው ተናገረና ኤቢሴ እዚህ ወድቃ ነበር ብሎ መሬቱን አሳያት። ከዚህ ላይ ስናወጣት አልጮኸችም፤ መጥረቢያውን እንዳልተወው ብቻ ነበር የምትለምነኝ አለ።

በላይነሽ ከጉቶው አጠገብ ተቀመጠች።

«መጥረቢያው የኔ ነው» አለችው። «የላክኋትም እኔ ነኝ። የተዘጋ ነው ብላኝ ነበር።»

ኢተፋ ኮፍያውን አወለቀ፤ መልሶ አደረገ። ከዚያ «እና ሆስፒታል ተቀምጠው ሰሙኝ?» አለ።

«ሰማሁህ።»

ወደ መንገዱ አወጣትና የማኅበሩ ስብሰባ የሚደረግበትን ቀን ነገራት።

ስብሰባው መንደሩ ውስጥ ባለው ትምህርት ቤት ግቢ ነበር። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ሀጂ ኑሬ ይባላሉ፤ ጢማቸውን ሂና የተቀቡ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሽማግሌ ናቸው። ለበላይነሽ ወንበር አስመጡላት፤ አልቀመጥም አለች። የምትናገረውን በኦሮምኛ ተናገረች። የገበያ ኦሮምኛ ስለሆነ ለዋጋና ለሰላምታ እንጂ ለእንዲህ ያለ ነገር አልለመደችውም፤ እየተሰናከለች ነበር። አንዳንድ ሰው ሳቀ። ኤቢሴ ከኋላ፣ ከእናቷ ጎን፣ ዱላዋን ይዛ ተቀምጣለች። አልሳቀችም፤ ቀናም አላለች።

ተናግራ ስትጨርስ አንድ ሰው ተነስቶ ከተማው ውስጥ ያሉት ሁሉ ይህን እንደሚያደርጉ፣ ይህች ሴት ስለተናገረች ብቻ ምን እንደሚለወጥ ጠየቀ። ሌላው ዘመኗን ሙሉ ያነደደችውን ማን ይመልስልናል አለ። ሀጂ ኑሬ ግቢው እስኪረጋጋ ጠበቁ።

«ወይዘሮ በላይነሽ» አሉ፤ ይህን በአማርኛ ነው ያሉት፣ ደኅና አድርጋ እንድትሰማ ይመስላል። «የተጎዳውን ዛፍ እናንተ ከተማ ሆናችሁ አታዩትም። እኛ ግን ልጃችንን ቀጣን። ዛሬ እርስዎ ባይመጡ በዚያው ይቀር ነበር። ለእኛም ያሳፍራል።»

ተመካከሩ። ኤቢሴ ወደ አባልነቷ እንድትመለስ፣ ቅጣቱም ወደ በላይነሽ እንዲዞር ወሰኑ። ከዚያ ወዲህ ደግሞ የሚሸከመው ብቻ ሳይሆን የሚገዛውም እንዲጠየቅ፣ የአረቄ ሴቶች ማገዶ ከገበሬ ባሕር ዛፍ ብቻ እንዲገዙ ከከተማው ጋር ለመነጋገር ተስማሙ። ኢተፋ ስብሰባው ሲበተን በአጠገቧ አለፈ። ሰላም አላላትም፤ ግን ዱላ የሌላት ሴት ቁልቁለቱን ስትወርድ እንዳትወድቅ ብሎ አንድ በትር ከአጥሩ መዝዞ ሰጣት።

ነገሩ ከተማው ውስጥ በአንድ ቀን ተሰማ። አረቄ የምታወጣ ሴት ሁሉ በላይነሽ ስማችንን አሳልፋ ሰጠችን አለች። ስም አልጠራችም፤ ቢሆንም ሰፈሩ በሙሉ እንዲታወቅ አድርጋለች። በእድሩ ቀን ከጎኗ የሚቀመጥ ጠፋ። ያቺ መጀመሪያ እንስራ ያዋሰቻት ጎረቤቷ እንኳ፣ አሁን አርጅታ ዓይኗ የደከመባት፣ ልጆቻችንን ምን እናብላቸው ነው የምትይው ብላ ጠየቀቻት። በላይነሽ ይህ ጥያቄም እውነት መሆኑን ታውቃለች። ራሷ ልጇን አብልታ ከጨረሰች በኋላ የሌሎቹን ምድጃ ያስነካች ሴት ናት። ይህ ሌላ ዕዳ ሆኖ ልቧ ላይ ተደረበ። አንዳንዶቹ ባሕር ዛፍ መግዛት ጀመሩ፤ ሃኒ ከመሥሪያ ቤቷ ጋር ተነጋግራ ማገዶ የሚቆጥብ ዝግ ምድጃ ያሠራችላቸውም አሉ። አንዳንዶቹ ደግሞ እስከ ዛሬ በጎን በኩል ወይራ ያስገባሉ።

በላይነሽ እንስራዋን ለአንዲትም ሴት ሳትሰጥ እሳቷን አጠፋች። ገበያው ውስጥ ትንሽ ቦታ ተከራይታ ስንዴና በቆሎ መነገድ ጀመረች። ለኤቢሴ ላም ልትገዛላት ፈልጋ ሰው ላከች። ኤቢሴ ላሟን አልቀበልም አለች። ሥራ ካላቸው ይንገሩኝ አለች፤ ተሸክሜ ካልሆነ ተቀምጬ የምሠራው። በላይነሽ ይህን ለሃኒ ነገረቻት። ሃኒም ከማኅበሩ ጋር ሆና በመንደሩ ችግኝ ጣቢያ ሲከፈት ኤቢሴ ከመጀመሪያዎቹ ተቀጣሪዎች አንዷ ሆነች። ፕላስቲኩን በአፈር መሙላት፣ ዘር መዝራት፣ አረም መንቀል፤ ሁሉም ተቀምጦ የሚሠራ ነው። ቅጣቱን በላይነሽ የከፈለችበት ቀን ግን ማንም እንደ ትልቅ ነገር አላወራውም፤ እሷም እንደዚያ ፈልጋ ነበር።

ክረምት ሲገባ ማኅበሩ በተዘጋው ክፍል የወይራና የዝግባ ችግኝ ለመትከል ሰው ጠራ። ሃኒ ከአዳማ ከባልደረቦቿ ጋር መጣች። ከመካከላቸው አንዱ፣ ነገሩን በወሬ የሰማ ወጣት፣ በላይነሽን ካሜራ ፊት አቁሞ እንዴት ከአረቄ ወደ ደን ጥበቃ እንደተመለሱ ይንገሩን አላት። ሃኒ ጣልቃ ልትገባ ስትል በላይነሽ ራሷ እጇን አወዛወዘች። እኔ ምንም አልጠበቅሁም፤ የጠበቀውን ኢተፋን ጠይቅ አለችው። ወጣቱ ትሕትና መስሎት ደጋግሞ ለመናት። እሷ ግን ዝናቡን ምክንያት አድርጋ ከፊቱ ዞር አለች። ምስጋና በቀረባት ቁጥር ያ «አዎ» ትዝ ይላት ጀምሯል።

ወደ ችግኙ ክምር ስትሄድ ኤቢሴ ናት የምታድለው። ለእያንዳንዱ ሰው እየቆጠረች በጣውላ ላይ ትደረድራለች። በላይነሽ ተራዋ ደርሶ ቆመች። ኤቢሴ ከሌላው ሰው አሳንሳም አብዝታም ሳይሆን እኩል ሰጠቻት።

«ፕላስቲኩን ሲቀድዱ ሥሩ እንዳይበጠስ ይጠንቀቁ» አለቻት። «ወይራ ከተበጠሰ ቶሎ አይመለስም።»

«እሺ» አለች በላይነሽ። ይቅር ብለሽኛል ወይ ብላ ልትጠይቃት ከአፏ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። የኤቢሴ ዓይን ግን ከኋላዋ ወደቆመው ሰው አልፏል። በላይነሽ ጥያቄውን ዋጠችው።

ማደሉ ሲያልቅ ኤቢሴም የራሷን ጣውላ ይዛ ዳገቱን ወጣች። በአንድ እግሯ እያነከሰች፣ ጭቃው እያንሸራተታት፣ በዱላዋ እየፈተሸች ትሄዳለች። ሌሎቹ እየቀደሟት አለፉ። በላይነሽ ከኋላዋ ነበረች፤ ልትቀድማት ትችል ነበር። አልቀደመቻትም። ኤቢሴ ስትቆም እሷም ትቆማለች፤ ስትራመድ ትራመዳለች። ኤቢሴ አንድ ጊዜ ዞር ብላ አየቻት፤ ይለፉ አላለቻትም፣ ይቅረቡም አላለቻትም። ዝናቡ እየጠነከረ መጣ። ሁለቱ ሴቶች ተራርቀው፣ ችግኛቸውን ታቅፈው ወደ ተዘጋው ክፍል ገቡ።